«ንፁህ ጤፍ ነው፣ እህቴ»

ከአዲስ አበባ ማለዳ የተነሳ አውቶቡስ ሚኤሶ ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ርቦታል። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከአዋሽ በኋላ ሙቀቱ ያይላል፣ ቦርደዴና አሰቦት በመስኮት ያልፋሉ፣ ከዚያ ሹፌሩ ዳር ይዞ «ሠላሳ ደቂቃ!» ይልና ቀድሞ ይወርዳል። የፍየል ጥብስ ሽታ መንገዱን ሞልቶታል። ሰው እጁን ይታጠባል፣ ወንበር ይስባል፣ ያዝዛል።

አንዲት ሴት ግን ወንበር አትስብም። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በጠረጴዛዎቹ መሀል አልፋ ወደ ጓዳ ታመራለች። አስተናጋጁ መጸዳጃ ቤት የምትፈልግ መስሎት በእጁ ወደ ኋላ ይጠቁማታል። እሷ የምትፈልገው ምጣዱን ነው።

ሥራዋ ኦዲት ነው። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ወደ ምዕራብ ሐረርጌ ትመጣለች። ጭሮ ትሰነብታለች (ብዙ ሰው አሁንም አሰበ ተፈሪ ነው የሚላት)፣ ከዚያ ገለምሶ፣ በደሳ፣ ሂርና፣ አንዳንዴም ሚኤሶ። አንዱ ዙር ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ያን ሁሉ ቀን የምትበላው በሆቴልና በምግብ ቤት ነው። ደረሰኝ የማመሳከር ልማዷ ጓዳ ድረስ ተከትሏት ስለሚገባ ባልደረቦቿ «ወጥ ቤቱን ኦዲት ልታደርግ ገባች» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ሳቁ ግን ከሆዷ አይደለም፤ ሆዷ ሌላ ጉዳይ አለው።

በሽታዋ ሴሊያክ ይባላል። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አለ። ሴሊያክ ያለበት ሰው ይህን ፕሮቲን ሲበላ የገዛ አካሉ መከላከያ ተነስቶ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ያጠቃል። ምግብ የሚመጡት ጥቃቅን ጣቶች ይረግፋሉ፤ ሰውዬው እየበላ ይራባል። ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ የማይሽር የደም ማነስ፣ በልጆች ላይ ደግሞ የዕድገት መቀጨጭ ይመጣል። ኪኒን የለውም። መድኃኒቱ ስንዴና ገብስን ዕድሜ ልክ አለመቅመስ ብቻ ነው፤ «ትንሽ አይጎዳም» የሚባል ነገርም አይሠራም። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ «ከግሉተን ነፃ» ለማለት የሚፈቅደው በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ከ20 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ግሉተን ነው። ይህ እንጀራ ላይ ከተራገፈ የዳቦ ፍርፋሪ ጋር የሚወዳደር ልክ ነው። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንዱ ግድም እንዳለበት ይገመታል፤ አብዛኛው ግን አያውቀውም።

እሷም እስከ 31 ዓመቷ አላወቀችም። ያደገችው ደብረ ብርሃን ነው። ገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ የገብስ እንጀራ፣ የስንዴ ዳቦ፣ በበዓል ጠላ። ያሳደጋት ሁሉ ሲጎዳት ነው የኖረው። በልጅነቷ «ዓይን ነው» ተባለ። ትንሽ ከፍ ስትል አሜባ ተባለ፣ ከዚያ ጃርዲያ፣ ከዚያ ጨጓራ፣ ከዚያ «ጭንቀት ነው፣ አግቢ ይተውሻል»። የአይረን ኪኒን በዓመት በዓመት ትወስዳለች፤ ደሟ ግን አይሞላም። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ኪኒኑ ለምን እንደማይሠራ ጠየቀ። የደም ምርመራ፣ ከዚያ ኢንዶስኮፒ፣ ከዚያ መልሱ። ሐኪሙ የማትበላውን ዘርዝሮ ሲያበቃ «ጤፍ ግን እንደልብሽ» ቢላት ሳቀች። ኢትዮጵያዊ ሆኖ ጤፍ ብላ መባል ምን ቅጣት ነው?

ቅጣቱ የገባት ከቤቷ ወጥታ መብላት ስትጀምር ነው።

አስተናጋጅን «እንጀራው የምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ከሞያሌ እስከ ሁመራ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ «ንፁህ ጤፍ ነው፣ እህቴ!» ልጁ አይዋሽም። ጥያቄውን የሰማው እንደ ጥራት ጥያቄ ነው፤ «ድብልቅ ነው» ማለት ቤቱን ማዋረድ ይሆንበታል። ደግሞስ ከየት ያውቃል? እንጀራው ከማያውቃት ሴት በማዳበሪያ ተጠቅልሎ በባጃጅ የሚመጣ ነው።

ጤፍ ውድ ነው። በ2015 ዓ.ም. አንድ ኩንታል ከ10 ሺህ ብር ሲያልፍ ከተሜው ሁሉ ደነገጠ፤ ያን ጊዜ ያልቀላቀለ ጋጋሪ ቢኖር ሀብታም ወይም ጀግና ነው። ሩዝ ይጨመራል፣ በቆሎ ይጨመራል፣ ማሽላ ይጨመራል። እነዚህ ሦስቱ ለእሷ ችግር የለባቸውም። ችግሩ አራተኛው ነው፦ የስንዴ ዱቄት። እንጀራውን ያለሰልሳል፣ ያነጣል፣ ሲጠቀለል እንዳይሰበር ያደርጋል። ለጋጋሪዋ ብልሃት ነው፣ ለበላተኛው ምቾት ነው። ለሴሊያክ ሕመምተኛ ደግሞ በማይታይ መልኩ የቀረበ ስንዴ ነው።

ጋጋሪዋ ዛሬ ስንዴ ባትጨምር እንኳ እርሾው አለ። እርሾ የትናንት ሊጥ ነው፤ ትናንት የተጨመረው ዛሬም በቡሃቃው ውስጥ አለ። ምጣዱ አለ፤ ጠዋት የስንዴ ቂጣ የተጋገረበት ይሆናል። ከሁሉም በፊት ደግሞ ወፍጮ ቤቱ አለ። አንዷ ስንዴ አስፈጭታ ትወጣለች፣ ቀጣይዋ ጤፏን ትደፋለች፣ በድንጋዩና በአሸንዳው ላይ የቀረው የስንዴ ዱቄት ከጤፉ ጋር ተቀላቅሎ ይወርዳል። የትም ወረዳ ቢሄዱ አሠራሩ ይኸው ነው። ማንም ማንንም አልበደለም።

እንጀራ ውስጥ ሰጋቱራ ወይም ጄሶ ተገኘ በተባለ ቁጥር ሀገር ይጮኻል፤ ትክክልም ነው። ስንዴ ተገኘ ቢባል ግን ማን ይጮኻል? ስንዴ ባዕድ ነገር አይደለም፣ የተከበረ ምግብ ነው፤ የበጋ መስኖ ዘመቻ የሚካሄድለት፣ በዜና የሚዘመርለት። የሕመምተኛው አበሳ እዚህ ላይ ነው። የሚጎዳውን ነገር ሌላው ሁሉ የሚያየው እንደ በረከት ነው።

ውጭ ሀገር ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የሆላንድ ተመራማሪዎች ጤፍ ሴሊያክ የሚቀሰቅሰው ነገር እንደሌለበት በላቦራቶሪ አሳይተው በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። ከዚያ ወዲህ ጤፍ በአውሮፓና በአሜሪካ መደብሮች ትንንሽ ከረጢት ውስጥ ገብቶ «ከግሉተን ነፃ» ተብሎ በውድ ይሸጣል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት እስከማግኘት ሄዶ ነበር፤ ሆላንድ ውስጥ የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው። ኢትዮጵያውያን በዚያ ጉዳይ መቆጣታቸው አይፈረድም። ግን ጤፍን በፈረንጅ ዘንድ ውድ ያደረገው ባሕርይ በሀገሩ ሲሸጥ ከረጢቱ ላይ አይጻፍም፣ ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይም የሚለጠፈው የዋጋ ዝርዝር ነው። አምስተርዳም ያለ ሕመምተኛ ጤፉን በእምነት ይበላል፤ የደብረ ብርሃኗ ልጅ ሚኤሶ ላይ ጓዳ ትገባለች።

ጓዳ መግባትም ጥበብ አለው። ዘመናት ፈጅቶባታል። «ስንዴ አለበት ወይ?» ብሎ መጠየቅ መርማሪ ያስመስላል፤ የሚመጣው መልስ መከላከያ ነው። እሷ አሁን የምትጠይቀው ጋጋሪዋን ራሷን ነው፣ ያውም በሙገሳ፦ «እንዴት ለስላሳ ነው! ምን ጨመራችሁበት?» ባለሙያ ስትመሰገን ሞያዋን ትናገራለች። «ትንሽ የፉርኖ ዱቄት ጣል አደርግበታለሁ» ካለች ነገሩ አለቀ፤ ኦዲተሯ አመስግና ትወጣና ከቦርሳዋ ድርቆሿን ታወጣለች። በገዛ እጇ ካስፈጨችው ጤፍ ቤቷ ጋግራ ያደረቀችው፣ በላስቲክ የታሰረ ድርቆሽ። እናቶች ለተማሪና ለወታደር የሚልኩት ስንቅ በ21ኛው ክፍለ ዘመን የመንግሥት አበል የሚከፈላትን ሴት እየቀለበ ነው።

በዚህ መስመር ቁርስ ከሁሉ ይከብዳል። ፉሉ ከዳቦ ጋር ነው፣ እንቁላሉ ዳቦ ውስጥ ነው፣ ፈጢራው ስንዴ፣ ጨጨብሳው ስንዴ፣ ቅንጬው ስንዴ። የተቀቀለ እንቁላል በልጣጩ፣ ሙዝ፣ ሻይ፤ ከዚህ አያልፍም። ድንች ጥብስ እንኳ ሳምቡሳ በተጠበሰበት ዘይት ነው የሚወጣው። በረመዳን ከሰዓት በኋላ ከጭሮ ጎዳና እስከ ገለምሶ ገበያ የሳምቡሳ ሽታ የማይደርስበት የለም፤ ሾርባውም አጃ ወይም ገብስ ነው። ምሳ ላይ ነጭ ሩዝ ከፍየል ሥጋ ጋር ከተገኘ፣ ማንኪያው ከፓስታው ድስት ካልመጣ፣ ያ ጥሩ ቀን ነው። የግመል ወተት ከተገኘ ደግሞ በጣም ጥሩ ቀን ነው፤ ግመል ስንዴ አትቀላቅልም።

ሰው ግን ከምግቡ ይበልጥ ይከብዳል። አንድ ጊዜ ጭሮ ውስጥ ሒሳቡ የሚመረመርበት አንድ መሥሪያ ቤት ለኦዲተሮቹ ምሳ ጋበዘ። ትልቅ ትሪ፣ ዙሪያውን ሰባት ሰው፣ እንጀራው ጽድት ያለ ነጭ። «ተባረኩ፣ ጾም ነኝ» እንዳትል ሥጋ ሳይሆን እንጀራውን ነው የፈራችው። የመሥሪያ ቤቱ የፋይናንስ ኃላፊ በዕድሜ የገፉ፣ ተጫዋች ሰው ናቸው፤ ጉርሻ ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ። «አቦ! ከእኛ እጅ አትበላም እንዴ?» ሁሉም እጁን አቆመ። አስረዳች፦ ሕመም ነው፣ ስንዴ ነው፣ አንጀት ነው። ኃላፊው እጃቸውን መለሱ፣ ፈገግ አሉ፣ ጨዋታው ግን ሞተ። በኋላ እንደሰማችው በዚያ ቢሮ ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረም፤ ኦዲተሯ አልበላችም ማለት ሪፖርቱ መጥፎ ነው ማለት ነው ተብሎ። ሪፖርቱ ንጹህ ሆኖ ሲወጣ ኃላፊው ደውለው የጠየቋት የመጀመሪያ ነገር «ታዲያ የእውነት ነው የሚያምሽ?» የሚል ነበር።

ከአንድ ማዕድ የሚበላ ሕዝብ መሀል የራስን ሳህን መጠየቅ ቀላል አይደለም። ነጠላ ሳህን የሚሰጠው ወይ ለእንግዳ ነው ወይ ለታማሚ፤ አንዳንዱ ቤት ደግሞ ለሚጸየፉት። እሷ ሦስቱንም ሆና ታውቃለች።

በዚህ ሁሉ ዙር ያለ ፍርሃት የምትበላበት ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሚኤሶ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ምልክት የሌለው፣ አራት አግዳሚ ያለው ቤት። ባለቤቷ ሃምሳዎቹን ያለፉ ሴት ናቸው፤ ደንበኛው ሁሉ «አዴ» ይላቸዋል። ደንበኞቻቸው የጭነት መኪና ረዳቶችና ገበያ የወጡ ገበሬዎች ናቸው። እንጀራቸው የማሽላ ነው፤ ቀላ ያለ፣ ወፍራም፣ ጠዋት የተጋገረው ለማታ የማይደርስ። ስንዴ ለመግዛት አቅም የለም፣ ጤፍ ከሩቅ ነው የሚመጣ። በምዕራብ ሐረርጌ ቆላ ማሽላ የገበሬው ዋና እህል ነው፤ ማሽላ ደግሞ ግሉተን የለበትም። ድሃ ቤት በሆነ ቁጥር ለእሷ የሚሻልበት ይህ የተገለበጠ ካርታ ኦዲተሯን ያስቃታል። ባለ ኮከቡ ሆቴል ያስፈራታል፣ ምልክት አልባው ጓዳ ያሳርፋታል።

መጀመሪያ በመጣች ቀን እንደ ልማዷ ጠየቀች። አዴ በግርምት አዩዋት። «ማሽላ ነዋ ልጄ፣ ሌላ ምን ይሆናል?» ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል በወጣችና በወረደች ቁጥር እዚያ ቤት ነው ምሳዋ። መጠየቅም ተወች።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይም አልጠየቀችም። እንጀራው ከወትሮው ለስለስ ያለ መሆኑን አስተውላለች፤ «ዛሬስ እጅዎ እንዴት ነው!» ብላ አመሰገነቻቸው እንጂ የሙገሳው ተከታይ ጥያቄ አልወጣም። ሁለት እንጀራ በሁልበት በላች። ከሚኤሶ ወደ ጭሮ የሚወጣው ዳገት ጠመዝማዛ ነው፤ አውቶቡሱን ሁለት ጊዜ አስቆመች። ጭሮ ስትደርስ በሰው ተደግፋ ወረደች። አራት ቀን ከሆቴል ክፍሏ አልወጣችም። አለቃዋ ስልክ ደውሎ «የምግብ መመረዝ ነው?» ሲላት ምን ብላ እንደምትመልስ አጣች።

በሳምንቱ ወደ ሚኤሶ ተመለሰች። ለወቀሳ አልነበረም፤ ለማወቅ ነው። አዴ ሲያዩዋት ደነገጡ፤ ከስታለች። ነገሩን ስትነግራቸው ደግሞ ፊታቸው ተለወጠ።

«ማሽላው አለቀ» አሉ። «ክረምት መሆኑን ታውቂያለሽ፤ አዲሱ እስኪደርስ ገና ነው። ከእርዳታ የመጣ ስንዴ ነበረኝ፣ እሱን ቀላቀልኩበት። ልጄ፣ ክፉ ነገር አልጨመርኩም። ደህናውን ነው የጨመርኩት።»

ደህናውን። ለአዴ ስንዴ ከማሽላ የሚበልጥ እህል ነው፤ ለደንበኞቻቸው ያደላላቸው መስሏቸው ነው። ኦዲተሯ ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት፣ ያለመጠየቋን። ከዚያ ስለ በሽታው አስረዳች፤ ስለ አንጀቱ፣ እየበሉ ስለ መክሳት፣ በልጆች ላይ ስለሚያሳየው የተነፋ ሆድ። ለአስተናጋጅ ከምትለው በላይ ረጅም አድርጋ ነገረቻቸው፤ ቤቱ ባዶ ነበር፣ ዝናብም ይዞ ነበር።

አዴ ሰምተው ሲጨርሱ ወደ ጓሮ ተጣሩ። አንዲት ትንሽ ልጅ መጣች። የልጃቸው ልጅ ናት፣ አራት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ስትታይ ግን ሁለት ዓመት ተኩል ትመስላለች። እጇ ቀጭን፣ ሆዷ የተነፋ፣ ፀጉሯ የሳሳ።

«ይቺስ?» አሉ።

እዚህ ላይ ኦዲተሯ ያለችው ነገር «እኔ ሐኪም አይደለሁም» ነው። አዴ ግን ማውራት ጀምረዋል። ጡት ከተወች ወዲህ ተቅማጡ ይመጣል ይሄዳል። የትል መድኃኒት ተሰጣት። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ተሰጣት። ጤና ጣቢያ በክንዷ ላይ ሜትር ዙረው ያችን በፓኬት ያለች የኦቾሎኒ ቅባት ሰጧት፤ ስትበላ ጊዜ ጉንጯ ወጣ፣ ከዚያ ወደ ቤት ምግብ ስትመለስ እንደገና ወረደች። ይህ ሁለት ጊዜ ሆኗል። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሴትየዋ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው ነው የተናገሩት። ያን ጊዜ እርዳታው የቆመ ጊዜ፣ ሁላችንም የተራብን ጊዜ፣ የልጅቷ ሆድ ረጋ ብሎ ነበር። «ራብ ይሻላት ይሆን ብዬ ፈራሁ» አሉ።

የዜና ተከታታይ ያንን ጊዜ አይረሳውም። ሰኔ 2015 ላይ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉ ያለ ቦታው እየሄደ ነው ብለው በመላ ሀገሪቱ የምግብ እርዳታ ያቋረጡበት ወቅት ነው። ክርክሩ ሁሉ ማን ሰረቀ፣ ማን ይጠየቅ፣ መቼ ይመለስ የሚል ነበር። ምዕራብ ሐረርጌ በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ሲጀመር ጀምሮ ስሙ ከዝርዝሩ ያልጠፋ ዞን ነው፤ ስንዴ እዚያ ቤት ውስጥ የሚገባው በገበያ ብቻ አይደለም፣ በስም ዝርዝርና በፊርማም ጭምር ነው። ስንዴው ሲቀር የሚሻለው ልጅ ሊኖር ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው ግን በዚያ ክርክር ውስጥ አልነበረም።

ይህ ሐሳብ ግን አዲስ አይደለም። የሴሊያክን ምስጢር የፈታው ዊለም ካረል ዲከ የተባለ የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 ባለው ክረምት ሆላንድ በጦርነቱ ተከብባ ዳቦ ጠፋ፤ ሰው የአበባ ሥር ሳይቀር በላ። በዚያ ራብ ሌላው ሁሉ ሲከሳ የዲከ ሕመምተኛ ልጆች ተሻላቸው። ዳቦ ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ዲከ ስንዴን ከዚያ በፊትም ጠርጥሮ ነበር፤ ራቡ ጥርጣሬውን አጸናለት። እ.ኤ.አ. በ1950 የዶክትሬት ጽሑፉን በዚሁ ላይ ጻፈ። አንዲት የሚኤሶ ሴት አንድም መጽሐፍ ሳታገላብጥ፣ በአንድ ልጅ ላይ፣ ያንኑ ነገር አይታለች። ወይም ያየች መስሏታል።

ሌላም አለ። በአልጄሪያ በረሃ የስደተኛ መጠለያዎች ውስጥ የሚኖሩ የምዕራብ ሰሃራ ሕፃናት ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ከመቶ ልጆች ከአምስት የሚበልጡት ሴሊያክ እንዳለባቸው አሳይቷል፤ በዓለም ላይ ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው ነው። ሳህራውያን ጥንት ግመል አርቢ ነበሩ፤ ወተት፣ ሥጋ፣ ቴምር። ከዚያ ስንዴ መጣ፣ በኋላም በመጠለያው የእርዳታ ዱቄት የዕለት ምግብ ሆነ። በሚኤሶ ዙሪያ ያሉት ግመል አርቢዎች ሳህራውያን አይደሉም፤ የዘር ውርሱም ሊለይ ይችላል። የታሪኩ ቅርጽ ግን ይመሳሰላል፤ መመርመርም የሚገባው ለዚህ ነው።

መጠንቀቅም ያስፈልጋል። በሚኤሶ አንድ ልጅ የሚቀጭጭበት ምክንያት ብዙ ነው፦ ያልተጣራ ውሃ፣ ጃርዲያ፣ ትል፣ የአንጀት ቲቢ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ራሱ ራብ። የኦቾሎኒ ቅባት የበላ የተራበ ልጅ ሁሉ ይወፍራል፤ ይህ ሴሊያክ አያሰኘውም። ኦዲተሯ ይህን ታውቃለች። በተጨማሪ የምታውቀው አንድ የሚያስጨንቅ ነገር አለ፤ የደም ምርመራው እውነቱን የሚያሳየው ሰውዬው ስንዴ እየበላ ከተመረመረ ነው። ስንዴውን አስቀድሞ ያቆመ ልጅ ሕመሙ እያለበት «ነፃ ነህ» ሊባል ይችላል። ስለዚህ ለአንዲት አያት ሊነገር የሚገባው ምክር ይህ ነው፦ ልጅቷን የሚጎዳት ሊሆን የሚችለውን ነገር እስክትመረመር ድረስ አይንሷት።

ከተመረመረችስ በኋላ? ስንዴ አትስጧት ማለት በዚያ ቤት ምግብ አትስጧት ማለት የሚሆንባቸው ወራት አሉ። ማሽላው በሐምሌ ያልቃል። የእርዳታውን ስንዴ ገበያ አውጥቶ በማሽላ መለወጥ ይቻላል፤ ግን የእርዳታ እህል ሲሸጥ የታየ ሰው ያስወቅሰዋል፣ ከዝርዝር ያሰርዘዋልም። ለሴሊያክ ልጅ ማሽላ ወይም በቆሎ ይሰጠው የሚል ሣጥን በዚያ ፎርም ላይ ማን አስገብቶ ያውቃል? አዲስ አበባ ያለ ሕመምተኛ ችግሩ የሚታመን ምግብ ቤት ማጣት ነው። የሚኤሶዋ ልጅ፣ ሕመሙ ካለባት፣ ምግብ ቤቷ የመንግሥት መጋዘን ነው፤ ጓዳው ድረስ ገብታ «ምን ጨመራችሁበት?» የምትል ሰው የላትም።

ምርመራው አዲስ አበባ ባሉ የግል ላቦራቶሪዎች ይሠራል። ኦዲተሯ ወጪውን ልትሸፍን ፈለገች። አዴ እምቢ አሉ። ዝናቡ አባርቶ፣ ሁለት ዙር ሻይ ተጠጥቶ፣ ብዙ ተከራክረው የተስማሙት በብድር ነው፦ ኦዲተሯ ትከፍላለች፣ አዴ በምሳ ይመልሳሉ። ስንት ምሳ እንደሚሆን ኦዲተሯ በማስታወሻ ደብተሯ ላይ አስልታ ጻፈች፤ አዴ ማንበብ ባይችሉም እንድትፈርም አደረጓት።

«ግን ምሳው ከምን ይሁን?» አሉ አዴ። ጥያቄው የምር ነበር። ስንዴ የነካው ቡሃቃ፣ ስንዴ የነካው እርሾ፣ ስንዴ የሚፈጭበት ወፍጮ።

እርሾው ተደፋ። ከጎረቤትም አልተበደሩም፤ የጎረቤቱም ያው ነው። ከማሽላ ዱቄትና ከውሃ አዲስ ተብኩቶ ቀናት ተጠበቀ። ለኦዲተሯና ለልጅቷ የሚሆን ትንሽ ምጣድ ተለየ፤ ልጅቷ ግን ደሟ እስኪሰጥ ከትልቁም ትበላለች። የቀረው ወፍጮው ነበር።

የወፍጮ ቤቱ ልጅ መጀመሪያ ሳቀ። «አዴ፣ ስንዴ ምን አደረጋችሁ?» አላቸው። ከዚያ ግን እሺ አለ። አሁን አዴ ኦዲተሯ ልትመጣ ነው በተባለበት ሳምንት ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ማንም ስንዴውን ይዞ ሳይሰለፍ፣ ማሽላቸውን ተሸክመው ይሄዳሉ። ልጁ ድንጋዩን በመጥረጊያ ይጠርጋል፣ ሞተሩን ያስነሳል። የመጀመሪያዋ ጣሳ ማሽላ የትናንቱን ስንዴ ይዛ ትወርዳለች፤ እሷን አዴ ለብቻ ይቀበሉና ለዶሮዎቹ ይበትናሉ።